በሽታውን ማን አመጣው?

ወረርሽኝ አገር ውስጥ በገባ ቁጥር ሕዝብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አመጣው?» ብሎ ነው። «መድኃኒቱ ምንድነው?» የሚለው ሁለተኛ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ መልስ ጠፍቶ አያውቅም። ከሩቅ የመጣ፣ ልብሱ ያደፈ፣ የት እንዳደረ የማይታወቅ አንድ ሰው መቼም አይታጣም። አንዳንዴ ነጋዴ ነው፣ አንዳንዴ ወታደር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይሏል ይህ ነው።

እስቲ ዛሬ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ሠራተኛው በሽታውን አመጣው ከማለታችን በፊት፣ ሠራተኛውን በሽታው ካለበት ቦታ ድረስ የወሰደው ማን ነው? እዚያስ ሲደርስ ምን ላይ ተኛ፣ ምን በላ፣ ሲታመም ማን አየው?

ለዚህ ጨዋታ ከላስታ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ገነተ ማርያም የምትባል ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአጼ ይኩኖ አምላክ ዘመን የታነጸች ናት። ግድግዳዋ ላይ ንጉሡ ተስለዋል፤ ያሠሯት እሳቸው መሆናቸውም ከሥዕሉ ጋር ተጽፏል። ዓለቱን የጠረበው፣ ፍርስራሹን በጀርባው ያወጣው ሰው ግን አልተሳለም፣ ስሙም አልተጻፈም። ላሊበላ ላይማ ቀን ሰዎች ሲሠሩ ሌሊት መላእክት ያግዟቸው ነበር ይባላል። እምነቱን አከብራለሁ። ግን የመላእክቱ ድርሻ ሲተረክ የቀን ፈረቃው ባለቤቶች መዘንጋታቸው አልቀረም። የላስታ ሰው ስሙ የማይጻፍ ሠራተኛ መሆን የጀመረው ዛሬ አይደለም ለማለት ነው።

የዛሬው ላስታ ገበሬ መሬቱ ገደላማ ነው፣ አፈሩም ታጥቦ ያለቀ ነው። አባት የነበረችውን ቁራሽ ማሳ ለአምስት ልጅ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሬ ለማዞር እንኳን አይበቃም። ስለዚህ ጎልማሳው የራሱን ዘርቶ ወይም እርሻውን ለወንድሙ አደራ ብሎ ይወጣል። ከላስታ፣ ከቡግና፣ ከመቄት፣ ከዋድላ የሚወጣው ሰው ጋሸና ላይ ይሰባሰብና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ፣ ከዚያ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ ወይም ሁመራ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ይህችን የመንገድ መስመር ልብ በሏት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ታሪኩን ከኅዳር በሽታ እንጀምር። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ፈረንጆቹ ግሪፕ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ያሉት፣ ያኔ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው በሽታ አዲስ አበባን መታት። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሽታውም በዚያው መስመር መጣ ይባላል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በጽኑ ተይዘው ነበር። ኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው በጻፉት መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው ማለቁን ነግረውናል። የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህንኑ ነው።

ጭሱ ይታወሳል፣ የመሪው ሕመም ይታወሳል። ያኔ ግን አዲስ አበባ ማገዶውን በጀርባ፣ እህሉን በአህያ፣ ውኃውን በእንስራ የምታስመጣ ከተማ ነበረች። ቤቱን የሚሠራላት፣ ሸክሙን የሚሸከምላት ከየገጠሩ የመጣ ሰው ነበር። ገበያው ሲቆም የዕለት ጉርሱን ከዕለት ሥራው የሚያገኘው ያ ሰው ምን በላ? ታሞ ሲወድቅ፣ እናቱ ሩቅ፣ ወንድሙ ሩቅ፣ ማን ውኃ አቀበለው? የኢንፍሉዌንዛ በሽተኛ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው አጠገቡ ሆኖ የሚያጠጣውና የሚያጎርሰው ሰው ነው። ዘመድ የሌለው ሰው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በብቸኝነቱም ይሞታል።

የከተማ እድርን ታሪክ ያጠኑ ብዙዎች እድር አዲስ አበባ ላይ ሥር የሰደደው ከገጠር መጥተው ቀባሪ ዘመድ በሌላቸው ሰዎች መሐል ነው ይላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለሥልጣን አላዘዘውም፣ አዋጅ አልወጣለትም፤ ሠርቶ አዳሪው ራሱ «እንግዲህ ብሞት ማን ያነሳኛል?» ብሎ ያበጀው መድን ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ የሌለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ቅሬም ሆነ እድር ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሰፈር። ቋሚ ቦታ ያለው፣ ወርሃዊውን የሚከፍል፣ ድንኳን ሲተከል የሚገኝ ሰው ይፈልጋል። ለሁለት ወር ሰሊጥ ማሳ ላይ የሚያድረው ሠራተኛ የማን ሰፈር ሰው ነው?

የጥንት ደገኞች ቆላን ይፈሩ ነበር። ንዳድ ይሉት የነበረውን ወባ ከትንኝ ጋር ባያገናኙትም ጸባዩን አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ ቆላ መሬት ያለው ደገኛ ቀን ወርዶ ያርስና ሲመሽ ወደ ደጋው ወጥቶ ያድራል። ትንኟ የምትነድፈው ሌሊት ስለሆነ ይህ ልማድ ሳይንስ ነበር ብንል ማጋነን አይደለም። ወባም አልፎ አልፎ ወደ ከፍታው ትወጣለች። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ በደጋና በወይና ደጋ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደፈጀ ተገምቷል። ያ ሕዝብ ወባን የለመደ ሰውነት አልነበረውም።

ቀን አርሶ ማታ መመለስ የሚቻለው ግን ማሳው ከቤቱ ሲቀርብ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ሁመራ ላይ ትልልቅ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ሲከፈቱ ነገሩ ተለወጠ። ሰሊጥ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ከትግራይ፣ ከበጌምድር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወረደ። ማታ የሚመለስበት ደጋ የለውም፤ ቤቱ የአሥራ አምስት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ እዚያው ማሳው ዳር፣ ግራር ሥር፣ የተሰነጠቀ የዋልካ መሬት ላይ ተኛ።

ያ ስንጥቅ ባዶ አልነበረም። ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ የምትባል አለች፤ ውሎዋ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው፤ ሌሊት ወጥታ ትናከሳለች። እሷ የምታስተላልፈው በሽታ ካላዛር ይባላል። ቃሉ ከህንድ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጥቁር ትኩሳት» ነው። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፤ ሰውየው ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ገና በ1970 ዓ.ም. ግድም በመተማና በሁመራ ወቅታዊ ሠራተኞች መሐል በሽታው መስፋፋቱ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ አልታወቀም ነበር ማለት አይቻልም።

የካላዛር ተንኮሉ ቀጠሮው ነው። ዛሬ የተነከሰ ሰው ዛሬ አይታመምም፤ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ሰሊጥ አጭዶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ለሚስቱ ነጠላ ለልጆቹ ደብተር ገዝቶ ቤቱ ገብቷል። የገናን በዓል አክብሯል። ከዚያ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰውየው መንደድ ይጀምራል። ደጋ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ይህን በሽታ አያውቀውም፤ ወባ ነው ብሎ የወባ ኪኒን ይሰጠዋል። ባለእርሻው ደግሞ ሰሊጡን ሸጦ ጨርሷል። የሰሊጡ ትርፍ እዚያ ቀረ፣ የሰሊጡ በሽታ እዚህ መጣ።

አሁን ወደዚያች መንገድ እንመለስ። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ አዲስ ዘመን የምትባል ከተማ አለች፤ የሊቦ ከምከም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ወይና ደጋ ነው፤ ካላዛር እዚያ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በሊቦ ከምከም ገጠሮች ሰው በትኩሳት እያለቀ ሄደ። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ! ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከሚያ ከፍተው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች አከሙ። ወረርሽኙ አጎራባቹን ፎገራንም ነካክቷል።

እንዴት መጣ ሲባል አጥኚዎቹ የደረሱበት መልስ ሁመራና መተማ ደርሰው የተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀረም የሚል ነው። ሆኖም የታመሙት ሠራተኞቹ ብቻ አልነበሩም። ከቀዬው ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን ታመመ፤ ዝንቧ እዚያም ነበረችና በሽታው መንደሩ ውስጥ ከሰው ሰው መተላለፍ ጀምሮ ነበር። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «አየህ፣ አመጡት!» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን እላለሁ፤ ያ ሠራተኛ ሁመራ ላይ አጎበር ቢሰጠው፣ ሲመለስ አንድ ሰው «የት ነበርክ?» ብሎ ጠይቆ ቢመረምረው የሕፃኑ ነገር ባልደረሰ። በሽታውን ያሻገረው የሰውየው እግር ብቻ አይደለም፤ ለሠላሳ ዓመት የሚታወቅን ነገር ችላ ማለታችን ነው።

ሕክምናውም ለድሃ የተሰፋ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ዋናው መድኃኒት በየቀኑ ለ30 ቀን የሚወጋ መርፌ ነበር። ቀን ካልሠራ የማይበላ ሰው ሠላሳ ቀን አልጋ ላይ! ኋላ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ወርዷል። በላዩ ላይ ኤች አይ ቪ ተጨመረበት፤ በ1991 ዓ.ም. ግድም ሁመራ ላይ ከካላዛር በሽተኞች ከአምስቱ አንዱ ያህል ቫይረሱ በደሙ ተገኝቶ ነበር። ወጣቱን ከሚስቱ፣ ከቅሬው፣ ከቄሱ ነጥሎ ገንዘብ አስይዞ ከተማ ዳር ሲያቆሙት የሚሆነው ይኸው ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። ያው ጥያቄ ተነሳ፤ «ማን አመጣው?» የመጀመሪያው ታማሚ የጃፓን ዜጋ ስለነበር ጣት ወደ ውጭ ሰው ተቀሰረ። በአንዳንድ ከተሞች ፈረንጆች «ኮሮና! ኮሮና!» እየተባሉ ተሰደቡ። ቀጥሎ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ተጠረጠሩ። ቀጥሎ ከሳውዲ ዐረቢያ የተመለሱት። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዓለም በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳውዲ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ጭና ላከችልን፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዲቆም እስኪጠይቅ ድረስ። ወሎ የዚያን መንገድ ሰዎች ስም ዝርዝር ከማንም በላይ ያውቃል። ባዶ እጁን፣ ወሸባ ውስጥ 14 ቀን ቆይቶ፣ ተፈርቶ ወደ ቀዬው የገባ ልጅ ስንቱ ነው?

ላሊበላ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነገር ዓለሙ ቆመ። አውሮፕላኑ ቱሪስት ማምጣቱን ሲያቆም የሆቴል ባለቤቶች ከሰሩ ተብሎ ተዘገበ፤ እውነት ነው። ከሆቴሉ ጀርባ ግን አስጎብኚው አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ የሚጠብቀው አለ። ቱሪስቱን ወደ አሸተን ማርያምና ወደ ገነተ ማርያም በበቅሎ የሚያደርሰው አለ። መስቀል የሚቀርጸው፣ አንሶላ የምታጥበው፣ ለሆቴሉ ዕንቁላልና ማር የምታመጣ የገጠር ሴት አለች። ከእነዚህ ውስጥ ደመወዝ ተብሎ የሚቆረጥለት፣ ጡረታ የሚቀመጥለት ስንቱ ነው? የጠፋው ቱሪስት አንድ ሲሆን የተዘጋው ምድጃ ግን አሥር ነው።

መጋቢት 22 የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መፈክሩ «ቤት ይቆዩ» ነበር። ምክሩ በራሱ ስህተት አልነበረውም። ግን ቤት መቆየት የሚችለው በቤቱ የሚበላ ያለው ነው። «እጅዎን በሳሙና ደጋግመው ይታጠቡ» ሲባልም፣ ላስታ ውስጥ አንድ ጀሪካን ውኃ በጀርባዋ ቀድታ አቀበት የምትወጣ እናት ለምን ለምን ታብቃቃው? ትራንስፖርት ግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ሲባል ታሪፉ በእጥፍ ጨመረ፤ ጨማሪውን የከፈለው ተሳፋሪው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ህንድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገሩን በሙሉ ስትዘጋ የሰጠችው ጊዜ አራት ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ተጓዙ። ሲንጋፖር ያን ዓመት ከተያዙባት ሰዎች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ፤ በአንድ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ። ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥቁሩ ሞት እንግሊዝን ከፈጃት በኋላ ሠራተኛ ጠፋና የቀን ዋጋ ጨመረ። የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ መንግሥት ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ1351 ማንም ሠራተኛ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ዋጋ በላይ እንዳይጠይቅ ሕግ አወጣ! ወረርሽኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገልጣል፤ ሠራተኛው እንደሚያስፈልገን። እኛ ደግሞ ይህን ባወቅን ማግስት ልንረሳው እንቸኩላለን።

እኛ ለመርሳትም ጊዜ አላገኘንም። በ2013 ዓ.ም. መኸር፣ አጨዳው ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ። ማይካድራ ላይ ስለተገደሉት የቀን ሠራተኞች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ኮሮና የዘጋውን በር ጥይት አሸገው።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ቋራ ወረዳ በርመል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ተነሳ። ጠበልተኛውና ለእርሻ ሥራ የወረደው ሰው በተጨናነቀበት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ነው። ከ1911 ዓ.ም. ኅዳር ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሽታዎቹ ይለያያሉ፣ የሚያገኙት ሰው ግን ያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አይደለም። ሥራው ይታወቃል፣ ወቅቱ ይታወቃል፣ መንገዱ ይታወቃል። ጎርፍ መቼ እንደሚመጣ እያወቁ ቦይ አለመቆፈር ነው የእኛ ነገር። በሰኔና በመስከረም በጋሸናና በጎንደር የሚያልፈውን ሰው መመዝገብና አጎበር መስጠት ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ሲመለስ ደግሞ ለላስታም ለመቄትም ጤና ጣቢያ የካላዛር ፈጣን መመርመሪያ ማድረስና ለነርሱ «ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ የት ከርመህ ነው ብለህ ጠይቅ» ማለት በቂ ጅማሮ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ሊቦ ከምከም ላይ ሁለት ዓመት ታተርፍ ነበር።

ሕግም አለ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወቅታዊ ሥራን ያውቀዋል። ችግሩ ሠራተኛው የሚቀጠረው በደላላ አፍ መሆኑ ነው፤ ታሞ ቢወድቅ «የእኔ ሠራተኛ ነው» የሚል የለም። የጤና መድንም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የሊቦ ከምከም ጎረቤት ፎገራ ነበረች። በጎ ሥራ ነው፣ ብዙ ገበሬ ከዕዳ አድኗል። ነገር ግን መድኑ የተሠራው በወረዳ ነው፤ ደብተሩ የሚሠራው በወረዳው ጤና ጣቢያና ከዚያ ሪፈር በሚጻፍበት ሆስፒታል ነው። ላስታ ላይ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ መተማ ማሳ ላይ ቢወድቅ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ወረቀት ነው። ለምን አብሮት አይወርድም? ሰሊጡ ጎንደር ተጭኖ፣ ጅቡቲ ተሻግሮ፣ ቻይናና እስራኤል ድረስ ሲሄድ ሰነዱ አይጎድልም። ለኩንታሉ የተገኘ ወረቀት ለአጫጁ ለምን ይጠፋል?

ከቡና ቀጥሎ ለዓመታት ትልቁ የወጪ ንግድ ምርታችን የነበረው ሰሊጥ በዚህ ሰው ጀርባ የወጣ ነው። ዶላሩን ስንቆጥር ጀርባውን አልቆጠርንም። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ድንገት እናየዋለን፤ ያውም በጥርጣሬ።

ድሆቹ አባቶቻችን ማንም ሳያግዛቸው ቅሬን ፈጠሩ፤ የሞተ ሰው ሳይቀበር እንዳይቀር። ቅሬ እስከ ዛሬ ሥራውን አልበደለም፤ የላስታ ሰው ሬሳ ከሁመራም ቢመጣ በክብር ያርፋል። እኛ የተማርነው፣ መሥሪያ ቤትና በጀት ያለን ሰዎች የተረፈን ሥራ ከዚያ የቀለለ ነው። ሰውየው ገና ሳይሞት፣ ትኩሳቱ ገና ሲጀምረው፣ የሚደርስለት ማቋቋም ነው።